ንጉሥ ባልታሩስ ወንዝ ሲሻገር

ዘውዱን ደግሞ አደረጉት፣ እውነትም አደረጉት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጀልባ ላይ፣ ከካርቶን የተሠራውን፣ በከረሜላ ወረቀት የተለበጠውን ዘውድ፣ ትናንት እኮ ለምኜያቸው ነበር፣ ቲዮ፣ ነጭ ሸሚዝ ይልበሱ፣ ፀጉርዎን ያበጥሩ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም፣ እንግዳዋ ከማኒላ ነው የምትመጣው፣ እሺ አሉኝ፣ ለካ የእሳቸው እሺ እንዲህ ነው፣ ሸሚዙም ነጭ ነው፣ ፀጉሩም ተበጥሯል፣ ከላይ ግን ዘውድ። የእናቴ ወንድም። ሰባ አራት ዓመት። ቲዮ ክሪስፑሎ፣ እባክዎ ያውልቁት፣ እላለሁ በሹክሹክታ፣ አላወልቅም፣ ይላሉ በጩኸት፣ እዚያች ሴትዮ ቤት ባዶ ራሴን ከምገባ ወንዙ ይብላኝ፣ ንጉሥ ሆኜ ነው ያዋረደችኝ፣ ንጉሥ ሆኜ እገባለሁ። ጀልባው ነቅነቅ ይላል። አምላኬ።

እንግዳዋ ዶክተር ኢላጋን ሰምታለች፣ አልሰማችም፣ ሰምታለች። ወንዙ እዚህ ጋ ከወገብ አያልፍም፣ እሷ ግን ብርቱካናማውን ተንሳፋፊ ጃኬት እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሆነ ነገር ትጽፋለች፣ ምን ትጽፋለች፣ ዘውድ ብላ ትጽፍ ይሆን፣ በየትኛው ሳጥን ውስጥ፣ ያንን ቅጽ እኔ እንደ አባታችን ሆይ ነው በቃሌ የማውቀው፣ ዘውድ የሚል ሳጥን የለውም። የተጠቃሚዎች ብዛት በፆታ። የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ። ዘላቂነት። አቤት ዘላቂነት፣ እኔ ራሴ በዚህ ሙቀት እስከ ምሳ መዝለቄን እንጃ።

ሦስተኛ ዓመቴ ነው ለዚህ የባህል ፈንድ ማመልከቻ ስጽፍ። በመጀመሪያው ዓመት ልቤን ጻፍኩላቸው፣ ከአምስተኛ ክፍል መምህርት አምፓሮ፣ ሳን ቴሎ ከተማ፣ ብዬ ጀምሬ አያቴ በወፍ ላባ እንዴት ግጥም ይጽፍ እንደነበር፣ የከበሮው ድምፅ እንዴት ሆድ ውስጥ እንደሚገባ፣ ስምንት ገጽ፣ መልሱ አንድ መስመር፣ የሚለካ ውጤት አልተመለከተም። ልለካላችሁ እንግዲህ አልኩና በሁለተኛው ዓመት ለካሁ፣ ስልሳ ተማሪዎች፣ ሠላሳ ሁለቱ ሴቶች፣ ባለድርሻ አካላት የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩት፣ ባለድርሻ አካላት ማለት እኮ ቲዮ ክሪስፑሎ፣ ከበሮ መቺው ሆሴሊቶ እና የቤተ ክርስቲያኑ አባ ናቸው፣ አባም ለምሳው ነው የሚመጡት። መልስ መጣ፣ የድርሰቱ ሙሉነት አልተረጋገጠም። ዘንድሮ ግን አለፍን፣ እሰይ፣ ደብዳቤው ሲደርሰኝ ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር፣ ሦስት አራተኛ ብዬ ጮህኩና ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡልኝ። ገምጋሚ ትመጣለች፣ አያቴ ድርሰቱን የጻፈባቸውን ስድስቱን ደብተሮች በዓይኗ ታያለች፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት አሠልጣኝ፣ ልብስ፣ ከበሮ፣ ሁሉም ይኖራል።

ስድስት ደብተር። ሦስቱ እዚህ ቲዮ ጉልበት ላይ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ሦስቱ ማዶ፣ እህታቸው ዘንድ፣ ቲያ ባሲሊሳ ዘንድ። እናም ወንድምና እህት ለሠላሳ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

ድርሰቱን ኮሜድያ እንለዋለን እንጂ የሚያስቅ ነገር የለውም፣ ነገሥታት በእንጨት ሰይፍ ይዋጋሉ፣ ልዕልት አርሴንያ ታለቅሳለች፣ ሁሉም ነገር በግጥም ነው፣ በከተማው በዓል ሦስት ምሽት ሙሉ፣ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም እስከዚያ ቀን ድረስ። እዚህ አገር ተዋናይ ቃሉን አያጠናም፣ ማን ያጠናል፣ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ኮኮናት ለቃሚ ነው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አስታዋሽ ትቀመጥና ስንኙን ከደብተሩ ሹክ ትለዋለች፣ እሱ ተቀብሎ ለሕዝቡ ያስተጋባል። አስታዋሿ ቲያ ባሲሊሳ ነበሩ። ንጉሥ ባልታሩስ ደግሞ ቲዮ፣ ያኔ የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጢማቸውን ያሾሉ። ከፊት ረድፍ የከንቲባው እህት ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ቲያ ሹክ አሉ፣ ለዙፋኔ ስል ነው ልዕልት የማገባ፣ ልቤ ድንጋይ ሆኗል አያውቅም እንባ። ቲዮ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ ለዙፋኔ ስል ነው ልዕልት የማገባ፣ ልቤን ግን ወሰደች ቢጫዋ አበባ!

ሕዝቡ አወካ። ቲያ ደብተሩን ዘጉት። የአባቱን ግጥም በቀሚስ የሚቀይር ሰው ቀሚሷ ታስታውሰው፣ ብለው ወንበራቸው ላይ እጃቸውን አጣጠፉ። ቲዮ መድረኩ መሃል ቀሩ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ወደ መጋረጃው ይጠጋሉ፣ ጸጥ፣ ሰይፋቸውን ያወዛውዛሉ፣ ጸጥ፣ በመጨረሻ ምን ያድርጉ፣ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሞቱ። ንጉሡ መሞት የነበረበት በሦስተኛው ምሽት ነው እኮ፣ በሁለተኛው ሞተ፣ ገዳዩ ገና ልብሱን እየቀየረ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ቢጫዋ አበባ ናት አሉ። በማግስቱ ደብተሮቹ እኩል ተከፈሉ፣ ቲያ ወንዙን ተሻግረው የባላቸው መንደር ገቡ፣ ከዚያ በኋላ ሳን ቴሎ ውስጥ ንጉሥም አልነገሠ፣ ልዕልትም አላለቀሰች።

ደረስን። ቀስ ይበሉ ዶክተር፣ እዚህ ጋ ጭቃ ነው፣ አይ፣ እዚያ ጋም ጭቃ ነው። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ትራመዳለች፣ ወደድኳት፣ ትንሽ ወደድኳት። ቲዮ በጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመው ዘውዳቸውን ያስተካክላሉ፣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይጮኽባቸዋል።

ቲያ ባሲሊሳ ግቢው ውስጥ በቀርከሃ አልጋዎች ላይ ዓሣ ያሰጣሉ፣ የተሰነጠቀ፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ በረድፍ በረድፍ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ጀርባቸው ግን እንደ መቅዘፊያ ቀጥ ያለ። ግቡ፣ ይላሉ፣ አንቺ አምፓሮ ከስተሻል፣ እመቤቴ እንኳን ደህና መጡ፣ እዚህ ጥላው ጋ ይቀመጡ፣ ፓንሲት ሠርቻለሁ፣ በትኩሱ ይብሉ። ቲዮን አላዩአቸውም። በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ዘውድ አድርጎ የቆመ ሰው አላዩም። አምፓሮ፣ ይላሉ ቆይተው፣ ያ አብሮሽ የመጣው ሰውዬ ዓሣዬ ላይ ጥላውን እንዳይጥል ንገሪው። አምፓሮ፣ ይላሉ ቲዮ፣ ጥላዬ የንጉሥ ጥላ ነው፣ ዓሣው ይክበርበት ብለሽ ንገሪያት። እኔ አርባ ዓመቴ ነው፣ የማስተርስ ዲግሪ አለኝ፣ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ኳስ ሆኜ እንከባለላለሁ።

ፓንሲቱ ግን ግሩም ነው። ዶክተሯ ሁለት ጊዜ ታስጨምራለች፣ ጥሩ ምልክት ነው፣ የበላች ገምጋሚ የራባት ገምጋሚ አይደለችም፣ አሁን አፏን ትጠርጋለች፣ ብዕሯን ታወጣለች፣ ድምፅዋም ይቀየራል፣ የቢሮ ድምፅ፣ ክፍል ስድስት፣ የድርሰቱ ሙሉነት፣ ደብተሮቹን ማየት እችላለሁ? ቲዮ ቆርቆሮውን ከፍተው ሦስቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ፣ የአያቴ እጅ ጽሑፍ፣ ቡናማ ቀለም፣ ኅዳጉ ላይ ትንንሽ ፈረሶች፣ ዶክተሯ በጣቷ ጫፍ ነው የምትገልጠው፣ በጣም ቆንጆ፣ ትላለች፣ ቀሪዎቹስ?

ቲያ ዓሣውን ይገለብጣሉ።

ቲያ፣ እላለሁ፣ ደብተሮቹን ላምጣቸው? የት ነው ያስቀመጧቸው? ዓሣ ይገለበጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባለፈው መስከረም መጥቼ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ በመስኮት ነው ያነጋገሩኝ፣ ቲያ፣ ደብተሮቹ አሉ አይደል፣ አሉ አሉ፣ የት ይሄዳሉ፣ ሂጂ አሁን ዝናቡ ሳይበረታ፣ እኔም ሄድኩ፣ ቅጹ ላይ ስድስቱም ደብተሮች በባለቤቶቻቸው እጅ በሙሉነት እንደሚገኙ አረጋግጣለሁ ብዬ ፈረምኩ፣ አሳምሬ ነው የፈረምኩት፣ ከሥሩ ጭረት አድርጌበት።

የሉም፣ ይላሉ ቲያ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

የሉም ማለት?

አውሎ ነፋሱ ነዋ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጣራው ሲሄድ፣ እኔ ባሌን ነው ያቀፍኩት፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ፣ ባሌ ራሱን ስቶ ነበር፣ ደብተሮቹ መደርደሪያው ላይ ነበሩ፣ ሲነጋ መደርደሪያውም የለም። ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፣ በእጃቸው ግን አንዱን ዓሣ ገልብጠው መልሰው ይገለብጡታል፣ መልሰው ይገለብጡታል። ለምን አልነገሩኝም፣ እላለሁ፣ ለምን ቲያ? ለአንቺ ብነግርሽ ለእሱ ትነግሪዋለሽ፣ ይላሉ፣ የአባቴን እጅ ጽሑፍ በውኃ አስበላች ይላል፣ በሕይወት ያለሁት ይሄንን ሳይል እንዲሞት እየጠበቅኩ ነው።

ስልሳ ልጆች፣ ሠላሳ ሁለቱ ሴቶች። ዶክተር ኢላጋን ብዕሯን ከቅጹ ላይ አንስታ ታየኛለች፣ ቅጹን ታዞርልኛለች፣ መምህርት አምፓሮ፣ ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው? የኔ ነው። ሲፈርሙ ደብተሮቹን አይተዋቸው ነበር? እዚህች ጋ አንድ ትንፋሽ ታህል ጊዜ አለች፣ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ስንት ሰው ይመላለሳል፣ አዎ አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ነው የጠፉት በይ ይለኛል አንዱ፣ አውሎ ነፋስ እንደሆነ በየዓመቱ ነው፣ ማን ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ ትናንት ሒሳብ ፈተና ላይ የጎረቤቷን ወረቀት ያየችውን ልጅ እንዴት እንደተቆጣኋት ያስታውሰኛል፣ ደግሞም ቲያ እዚያ ቆመዋል፣ እውነቱን ተናግረው ገና ትኩስ ናቸው። አላየሁም፣ እላለሁ። በመስኮት ነው የነገሩኝ። ስለጓጓሁ ፈረምኩ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፣ የኔ ነው።

አመሰግናለሁ፣ ትላለች ዶክተሯ። ክፍል ስድስት ላይ ዜሮ ትጽፋለች። ዜሮዋ ክብ ናት፣ በደንብ የተሳለች፣ በግቢው ብርሃን ታበራለች።

ቲዮ ክሪስፑሎ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ በቃ፣ አሁን ይሉታል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠራቀሙትን ስድብ ሊያወርዱት ነው፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የሚናገሩት ግን ለዶክተሯ ነው። እመቤቴ፣ ይላሉ፣ ወንዝ ተሻግረው መጥተዋል፣ ጫማዎን አውልቀው ጭቃ ረግጠዋል፣ ቢያንስ ያለውን ይስሙት፣ የሦስተኛውን ደብተር የመጨረሻ ገጽ ይከፍታሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይፈልጋሉ፣ ዘውዱ ሥር ነው፣ ያወርዱታል፣ ከዚያ ድምፅ ይወጣል፣ ከዚያ ጠባብ ደረት ያ ድምፅ፣

ሰባቱ በሮቼ ተዘግተው እያሉ፣
ማን ነው ያሳለፈህ፣ ጠባቂዎች የታሉ?

ገጹ አለቀ። ደብተሩ አለቀ። ቲዮ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ ይቀራሉ፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። የለም። ቀጣዩ ስንኝ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ መደርደሪያው ባሕር ውስጥ ነው። ጎረቤት ዶሮ ይጮኻል። እኔ ቦርሳዬን መሰብሰብ እጀምራለሁ፣ ምን ልሰብስብ፣ አንድ ማራገቢያ ነው ያለኝ።

ተናገር እንግዳ ሰይፌ ሳይመዘዝ።

ሹክሹክታ ነው። ማን ነው? ቲያ ግቢው ውስጥ የሉም፣ መቼ ገቡ፣ ማድ ቤቱን የሚጋርደው አበባ ያለበት መጋረጃ ይንቀሳቀሳል፣ ከሥሩ ሁለት የጎማ ነጠላ ጫማዎች ይታያሉ። የቲዮ አንገት ይቀናል፣ ሳያስቡት ነው፣ ምላሳቸው ነው የሰማው፣ ተናገር እንግዳ ሰይፌ ሳይመዘዝ! ይላሉ ቤቱን በሚያነቃንቅ ድምፅ። ከወዴት መጥተሃል፣ በማንስ ትእዛዝ፣ ይላል መጋረጃው። ከወዴት መጥተሃል፣ በማንስ ትእዛዝ! ይላሉ ቲዮ። መጋረጃው ይቀጥላል። ንጉሡ ይቀጥላል። አንድ ስንኝ፣ አራት፣ አሥር፣ ሃያ፣ እንግዳው ይመልሳል፣ እንግዳውም ቲዮ ራሳቸው ናቸው፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ንጉሥ፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ እንግዳ፣ ዶክተር ኢላጋን ቅጹን ገልብጣ ከጀርባው፣ ባዶው ገጽ ላይ ትጽፋለች፣ እኔስ ምን እጠብቃለሁ፣ ወረቀት፣ ወረቀት የት አለ፣ የልጆቹ የፈተና ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ ይቅርታ ልጆች፣ እጽፋለሁ፣ ተናገር እንግዳ ሰይፌ ሳይመዘዝ።

ከዚያ ቲዮ ሞቅ አላቸውና አንዱን ስንኝ ሳይነገራቸው ራሳቸው አሉት። መጋረጃው ዝም አለ። ቲያ፣ እላለሁ፣ ይቀጥሉ እንጂ። ካወቀው እኔ ምን አደርግለታለሁ፣ ይላል መጋረጃው። ቲያ፣ እሺ ለኔ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍ። መጋረጃው በተሰበረ ድምፅ፣ አይመጣልኝም፣ ልጄ፣ ብቻዬን ስንት ጊዜ ሞከርኩት፣ ባሌ ከሞተ በኋላ ስንት ቀን እዚህ ተቀምጬ ለራሴ ልበለው አልኩ፣ አይመጣም፣ ፊቴ የሚረሳ ሰው ካልቆመ አይመጣም። ቲዮ ይሄንን ይሰማሉ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል፣ ከዚያ ደረታቸውን ይነፋሉ፣ በመርሳት ከሆነማ ማን ይደርስብኛል፣ ይላሉ፣ ጠዋት ጥርሴን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፣ እህቴ፣ ያሁኗ ስንኝ ድንገት ናት፣ ሁለተኛ አይለምደኝም፣ ረስቻለሁ፣ በድንግል ሁሉንም ረስቻለሁ፣ በይ ንገሪኝ። እህቴ አሉ! ሰማችሁ? ማንን ነው የምጠይቀው፣ ዶክተሯ ሰምታለች፣ ብዕሯ ቆሟል።

በል እሺ ስማ፣ ይላል መጋረጃው፣ ደደብ። ደደብ እንኳን እንዴት ያምራል።

ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ እጄ ደንዝዟል፣ የሁለተኛው ምሽት ክፍል ላይ ደርሰዋል፣ አውቀዋለሁ ይሄንን፣ ሳን ቴሎ ውስጥ የማያውቀው የለም፣ ሕፃን እንኳን ያውቀዋል። ለዙፋኔ ስል ነው ልዕልት የማገባ፣ ይላል መጋረጃው፣ ዝግ ብሎ። ለዙፋኔ ስል ነው ልዕልት የማገባ፣ ይላሉ ቲዮ። ከዚያ መጋረጃው ቆየ። ቆየ። ልቤ ድንጋይ ሆኗል አያውቅም እንባ። ቲዮ ዘውዳቸውን ያወልቃሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ደብተሮቹ አጠገብ ያኖሩታል፣ ልቤ ድንጋይ ሆኗል፣ ይላሉ፣ አያውቅም እንባ፣ ድምፃቸው ግን እንባ ያውቃል፣ ልክ እንደተጻፈው አሉት፣ አንድ ፊደል ሳይጨምሩ። ከመጋረጃው ጀርባ እንግዳ ድምፅ ይሰማል፣ እያለቀሱ ነው ብዬ ተነሳሁ፣ ለካ እየሳቁ ነው፣ ቲያ ባሲሊሳ በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ነው፣ ያኔ እኮ ብትጠብቀኝ፣ ይላሉ እየተንተከተኩ፣ ልነግርህ ነበር፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ልቀጣህ ብዬ ነው፣ አንተ ግን ቸኩለህ ሞትክ! ምን ላድርግ፣ ይላሉ ቲዮ፣ ሕዝቡ እያየኝ ነው፣ ከመቆም መሞት ቀለለኝ!

ዶክተር ኢላጋን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ሙቀቱ ነው፣ ትላለች፣ አዎ ሙቀቱ ነው እላለሁ። ከዚያ ያቺ የቢሮ ድምፅ ትመለሳለች፣ ሆድ የሚያባባ የቢሮ ድምፅም እንዳለ ዛሬ ገና አየሁ። መምህርት አምፓሮ፣ ዜሮውን አልቀይረውም፣ ሕጉ ሕግ ነው፣ ዋናው ድጋፍ ዘንድሮ አይሆንም፣ ልብሱም፣ አሠልጣኙም፣ ከበሮውም። አውቃለሁ፣ እላለሁ። ሌላ ግን አለ፣ ትላለች፣ ለአስቸኳይ ምዝገባ የሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍ፣ በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ለቀሩ ነገሮች ነው፣ ለአራት ወር፣ ለጸሐፊ፣ ለመቅረጫ፣ ለሁለቱ አረጋውያን የቀን አበል፣ ለመጓጓዣ። በጉብኝት ገምጋሚ ጥቆማ ነው የሚሰጠው፣ እኔ እጠቁማለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። የቲያ ዕድሜ ስንት ነው? ሰባ ዘጠኝ። የእሳቸውስ? ሰባ አራት። እንግዲህ መልሱን አትጠብቁ፣ ትላለች፣ ከዛሬ ጀምሩ። ሁለተኛው ነገር፣ ትላለች ቦርሳዋን እየዘጋች፣ ሁለተኛ ያላዩትን አይፈርሙ። አልፈርምም፣ እላለሁ፣ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ። የመረመረችኝ ይመስላል፣ ከዚያ ያ ፓንሲት፣ ትላለች፣ ለመንገድ ትንሽ ይኖር ይሆን?

የቀን አበል! ቲያ ይሄንን ሲሰሙ ይቆጣሉ፣ ለአባቴ ግጥም አበል? አንቺ አትቀበዪ፣ የሷን ለኔ ስጡኝ፣ ይላሉ ቲዮ። ዝም በል አንተ። በየቀኑ ትሻገራለህ፣ ትሰማኛለህ፣ ከዓሣው በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ። ጉልበቴን ያመኛል፣ አምስት ሰዓት ይሁን። አራት። አራት ተኩል። አራት አልኩህ፣ ምሳ እዚሁ ትበላለህ። ምሳው ምንድን ነው? ዓሣ ነዋ፣ ዓይንህ አያይም? አራት ሰዓት ይሁን፣ ይላሉ ቲዮ ወደኔ ዞረው፣ እንደ ትልቅ ድርድር አሸናፊ።

ዶክተሯን ጀልባው ድረስ ሸኘኋት፣ ጃኬቷን ሳትቆልፍ ነው የሄደችው፣ እየተመለስኩ አስባለሁ፣ ሦስት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ፣ ስልሳ ልጆች፣ አዲስ ከበሮ፣ ቀይ ካባ፣ የለም፣ ጠፋ፣ ማልቀስ አለብኝ መሰለኝ፣ እግሬ ግን ይፈጥናል፣ እየሮጥኩ ነው እንዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጭቃ፣ ካባውን እናቶች ይሰፉታል፣ መጋረጃ ሞልቷል፣ ሆሴሊቶ ከበሮውን በፍየል ቆዳ ይጠግነዋል፣ ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ አመጣቸዋለሁ፣ ስልሳው ቀርቶ አሥሩን፣ ከመጋረጃው ፊት አሰልፋቸዋለሁ፣ ሁሉም ይረሳሉ፣ መርሳት እንደሆን ከክፍሌ ልጆች በላይ ማን ያውቅበታል።

ግቢው ስደርስ ሰማዩ ከባሕሩ በኩል ጠቁሯል። ዝናብ መጣ፣ ዓሣውን! ይላሉ ቲያ፣ ሦስታችንም የቀርከሃውን አልጋ በየጫፉ ይዘን ወደ ቤት ሥር እንሮጣለን፣ ቲዮ ከፊት፣ ቲያ ከኋላ፣ እኔ በጎን፣ የመጀመሪያው ጠብታ አፍንጫዬ ላይ፣ በድርሰቱ ንጉሡን በሰባተኛው በር ፊት እንደቆመ ነው የተውነው፣ እንግዳው የራስ ቁሩን ሊያወልቅ እጁን አንስቷል፣ ልዕልት አርሴንያ በመስኮት ታያለች፣ አምላኬ፣ አላውቀውም እኮ፣ ይሄንን ሁሉ ዓመት ስለዚህ ድርሰት ስጽፍ፣ አስፈላጊነቱ፣ ፋይዳው፣ ትውልዱ፣ ስል፣ እንግዳው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ንጉሡ ሲሞት ሳቁ ነው የቀሰቀሰኝ፣ ሦስተኛው ምሽት አልመጣም፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ቅጽ ስሞላ ነበር። የልዕልቷ ወንድም ነው? ያ በመጀመሪያው ምሽት ሞተ የተባለው? ወይስ ጠላት ነው፣ ታዲያ ለምን በሩን ከፈቱለት? አልጋውን ወደ ቀኝ ያዙት፣ ይላሉ ቲያ፣ ቀስ፣ ዓሣው እንዳይፈስ፣ እሺ ቲያ፣ ይዣለሁ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ አይደል፣ ፊቱን አየችው፣ ከዚያስ፣ ቲያ፣ ከዚያስ?